በአዳሪ ትምህርት ቤት እከክና ሌሎች ተላላፊ የቆዳ በሽታዎች እንዳይዛመቱ የሚያግዝ የአሠራር መመሪያ

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደሴ ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ እዚህ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለውን መኝታ ክፍል ሲሞላው፣ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ብቻ ይዞ ከቤቱ የመጣ ልጅ ወደ ጓደኛው አልጋ ይሻገርና ሁለቱ ተቃቅፈው ያድራሉ። ይህ ክፋት የሌለበት፣ እንዲያውም የመተዛዘን ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ እከክን ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ለማሻገር ከዚህ የበለጠ ምቹ መንገድ የለም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ደሴ ውስጥ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በነርስነት ስሠራ ካየሁትና ከተሳሳትኩት ተነሥቼ ነው። የታሰበውም ለመኝታ ቤት ተቆጣጣሪዎች፣ ለርእሳነ መምህራን፣ እንዲሁም ደረሳዎችን ወይም የአብነት ተማሪዎችን ሰብስበው ለሚያሳድሩ ሰዎች ሁሉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 24 አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚያሳክካቸውን 7 ልጆች ብቻ ለይቼ መድኃኒት ሰጠሁ፤ ልጆቹም ተሻላቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን የሚያኩት 15 ሆኑ፤ ከእነዚህም ውስጥ ቀድመው የታከሙት ይገኙበት ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒቱ የማይሠራ መስሎኝ አማረርኩ። ጥፋቱ ግን የመድኃኒቱ ሳይሆን የእኔ አሠራር ነበር፤ መታከም የነበረበት የሚያከው ልጅ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚያድረው ክፍል በሙሉ ነበርና።

በሽታው የሚዛመትበትን መንገድ አስቀድሞ መረዳት

የእከክ መንሥኤ በዓይን ለማየት የሚያዳግት፣ ርዝመቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያንስ ተባይ ናት። ሴቲቱ የቆዳውን የላይኛውን ሽፋን እየቦረቦረች በቀን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ በ3 እና በ4 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለውም በሁለት ሳምንት ገደማ ለአቅመ መራባት ይደርሳል። ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት ለተባዩና ለኩሱ ከሚያሳየው የመቆጣት ጠባይ ሲሆን፣ ከዚህ በፊት እከክ ይዞት በማያውቅ ልጅ ላይ ይህ ቁጣ እስኪነሣ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ ምንም ሳይሰማው ለሌላው ያስተላልፋል። ቀድሞ የያዘው ልጅ በድጋሚ ሲያዝ ግን በ1 እና በ4 ቀን መካከል ማከክ ይጀምራል። እኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፤ ጤነኛ ናቸው ብዬ ያለፍኳቸው ልጆች ተባዩን ይዘው ነበር።

እከክ የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ነው፤ በሰላምታ ወይም ለጥቂት ደቂቃ ጎን ለጎን በመቀመጥ መያዝ ብዙም አያጋጥም። ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ሲሆን፣ ቀዝቃዛና እርጥበት ያለው አየር ግን ዕድሜውን ያራዝምለታል። በዚህም ምክንያት የደሴን ብርድ ልብስና ጋቢ ከቆላው አንሶላ የበለጠ እንድንጠነቀቅለት ይገባል።

ብዙ ሰው እከክን የቆሻሻ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ይህ እምነት ልክ ካለመሆኑም በላይ ጎጂ ነው። በየቀኑ ገላውን የሚታጠብ ልጅም ይያዛል፤ ውሃና ሳሙና ቆዳ ውስጥ የገባችውን ተባይ አያወጣትም። የውሃ እጥረት የሚያባብሰው የታከከው ቁስል በባክቴሪያ ሲመረዝ የሚመጣውን ማዠት ነው። ስለዚህ ውሃን ለማሟላት መድከም ተገቢ ቢሆንም፣ ሮቶው ሞልቶ ሳለ እከክ ሲገባ ልጆቹን «አትታጠቡም» ብሎ መውቀስ በሽታውን እንዲደብቁት ከማድረግ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

አንደኛ፦ በሽታውን ከመሰሎቹ መለየት

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ራሱን አሞኛል ብሎ ወደ እኔ መጣ። የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ጎትቶ በጡጫው ይዞት ነበር። ትኩሳቱን ለክቼ ምንም ስላላገኘሁበት እጅጌውን ሰብስብ አልኩት፤ በጣቶቹ መካከል ባለው ስስ ቆዳ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ ነጥብ ያለው ግራጫ መስመር ነበር፤ ዙሪያውንም በጥፍር የተቧጨሩ ሽፍታዎች ከበውታል። ልጁ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲስተር፣ ልጆቹ እንዳይሰሙብኝ።» «እከካም» የሚለው ቃል በእኛ አገር ስድብ መሆኑን መርማሪው ለአፍታም መዘንጋት የለበትም።

እከክ ሌሊት ብሶ ያሳክካል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ይወጣል። በትልልቅ ልጆች ፊትና ራስ ላይ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። የትኋንና የቁንጫ ንክሻ ግን ልብስ በማይሸፍነው ወይም በሚላላበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜም በመደዳ ወይም በክምችት ይታያል፤ ትኋን ካለ በፍራሹ ስፌትና በአልጋው መገጣጠሚያ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይገኛል። ጭርት ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ ከፍ ያለና የሚቀረፍ፣ መሀሉ ደግሞ እየጠራ የሚሄድ ነው። ቆረቆር የራስ ቆዳን ይዞ ፀጉርን ይሰብራል። ማዠት የጀመረ ቁስል ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ያወጣል። የገላ ቅማል ግን ከገላ ይልቅ በልብስ ስፌት ውስጥ ስለሚኖር መፈተሽ ያለበት ልብሱ ነው፤ ግርሻንና ተስቦን ስለሚያስተላልፍ ከተገኘ በቸልታ መታለፍ የለበትም።

ሁለተኛ፦ ክፍሉን በሙሉ መመርመርና የአልጋ ካርታ መሥራት

አንድ ልጅ ከተገኘ በዚያው ሳምንት የክፍሉን ልጆች ሁሉ ይመርምሩ። ወንዶችን ወንድ፣ ሴቶችን ሴት ባለሙያ፣ አንድ በአንድ፣ በር ተዘግቶ፣ በቂ ብርሃን ወይም ጥሩ ባትሪ ተይዞ ሊመረመሩ ይገባል። አሰልፎ ሸሚዝ ማስወለቅ ፈጽሞ አይገባም። ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ነገር ይገልጣሉ፤ አንደኛው ሌሊት የሚያሳክካቸው መሆኑን፣ ሁለተኛው በብርድ ጊዜ ከማን ጋር እንደሚተኙ ወይም የማንን ጋቢ እንደሚለብሱ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ልጆቹ በእውነት የሚመልሱት ቅጣት እንደማይከተለው ሲያምኑ ብቻ ነው።

ከዚያ በአንድ ወረቀት ላይ የአልጋዎቹን አቀማመጥ ይሣሉ፤ በየአልጋው የተኛውን ልጅ መለያ ቁጥር ይጻፉ፤ ምልክት የታየበትን ያቅልሙ፤ አብረው የሚተኙትን በመስመር ያገናኙ። እኔ ይህን ካርታ በሠራሁ ጊዜ የቀለሙት አልጋዎች በመስኮቱ በኩል ተሰብስበው አገኘኋቸው። ለካ አንዱ መስታወት ከተሰበረ ወራት አልፎት ኖሮ በዚያ በኩል ያሉት ልጆች ብርዱን የሚከላከሉት አንድ ላይ በመተኛት ነበር። መስታወቱን ማስገጠም የሕክምናው አካል ሆነ። ካርታው በትምህርት ቤቱ ቢሮ ተቆልፎበት ይቀመጥ እንጂ በር ላይ አይለጠፍ።

ሦስተኛ፦ ጤና ተቋምን ማማከርና መድኃኒቱን በቁጥር ማዘጋጀት

በአንድ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ከተያዙ በአቅራቢያ ላለው ጤና ጣቢያ ያስታውቁ። ለማከም ያስቸገረ፣ ወፍራም ቅርፊት የሠራ ወይም ምንነቱ ያልለየ ሕመም ሲያጋጥም ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ረጅም ልምድ ያለው በመሆኑ ወላጆች ከዚህ ርቀው መሄድ አያስፈልጋቸውም። ቁጥሩ ከፍ ካለ በአፍ የሚወሰደውን አይቨርሜክቲን ለሁሉም ማደል ይሻል እንደሆነ የሚወስነው የጤና ቢሮው ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ ሲነሣ ይህ መድኃኒት ለብዙ ሕዝብ በአንድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። መድኃኒቱ በክብደት ተሰልቶ ይሰጣል፤ ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም።

ከሚቀቡት መድኃኒቶች መካከል በብዛት የሚታወቁት 5 ፐርሰንት ፐርሜትሪን ክሬም፣ ቢቢኤል እየተባለ የሚጠራው ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽንና የድኝ ቅባት ናቸው። የፐርሜትሪኑ ቅባት ከ8 እስከ 14 ሰዓት ገላ ላይ ቆይቶ ይታጠባል፤ ለአንድ ትልቅ ተማሪ በአንድ ጊዜ 30 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ቢቢኤልና ድኝ በተከታታይ ሌሊቶች የሚቀቡ በመሆናቸው የቀኑን ቁጥር ከሐኪሙ ጠይቀው ይጻፉ፤ ቢቢኤል የተላጠ ቆዳን ያቃጥላል፣ ለትንንሾቹም በፋርማሲ ባለሙያ ምጣኔ መቅጠን ይኖርበታል። የትኛውም ይመረጥ፣ ለክፍሉ በሙሉ የሚበቃው መድኃኒት ለሁለት ዙር ተሟልቶ እጅ ሳይገባ ሕክምናውን አይጀምሩ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ሳምንት ማከም ገንዘብን መጣል ነው።

ላምባ፣ የከብት ወይም የሰብል ፀረ ተባይ መድኃኒት በልጅ ገላ ላይ መቀባት ሊገድል ይችላልና በምንም ምክንያት አይፈቀድም። እንደ ቤታሜታዞን ያሉ ማሳከክን የሚያስታግሱ ቅባቶችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡ እከኩንም ጭርቱንም መልኩን ቀይረው ይሸሽጉታል እንጂ አያድኑትም።

አራተኛ፦ በአንድ ሌሊት ሁሉንም መቀባት

ለዚህ ሥራ የዓርብ ማታን እመርጣለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ስለሌለ መታጠቢያውም ልብስ ማጠቢያውም ሰፊ ጊዜ ያገኛል። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ለወላጆች አስቀድሞ ይነገር፤ ቤተሰብ ውስጥ የሚያሳክከው ሰው ካለም በዚያው ቀን እንዲታከም ይመከር። በክፍሉ የሚያድር ሁሉ፣ የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ አብሮ የሚያድር ተቆጣጣሪም ጭምር ይቀባል።

ልጆቹ ጥፍራቸውን ይቁረጡ፤ ገላቸውን ታጥበው ከሆነ ቆዳቸው እስኪደርቅና እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። መድኃኒቱ ሽፍታው ያለበት ላይ ብቻ ሳይሆን ከአንገት ሥር ጀምሮ እስከ እግር መዳፍ ድረስ ይቀባል። የሚረሱት ቦታዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው፤ የጀርባ መሀል፣ የእምብርት ጉድጓድ፣ የጥፍር ሥር፣ የእግር ጣቶች መካከልና በመቀመጫዎች መካከል ያለው ቆዳ። ጀርባን ራስ በራስ መቀባት ስለማይቻል ጓደኛ ይርዳ፤ ብልት አካባቢውን እያንዳንዱ ለብቻው ይቀባ። ከተቀቡ በኋላ ለውዱ ወይም ለመጸዳዳት እጁን ወይም እግሩን የታጠበ ልጅ የታጠበበትን ቦታ መልሶ መቀባት አለበት፤ እኛ ዘንድ ሕክምናው ከመክሸፉ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበርና በየክፍሉ ጥቂት መድኃኒት እስከ ጠዋት እንዲቆይ አድርገናል።

አምስተኛ፦ ልብስና ብርድ ልብስ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይታሰብበት። ባለፉት ሦስት ቀናት ገላ የነካ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣና ጋቢ በሙሉ በዚያው ቅዳሜ ከመኝታ ክፍሉ ይወጣል። ከ50 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ለ10 ደቂቃ የቆየ ተባይና እንቁላል ይሞታል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አንሶላውንና የውስጥ ልብሱን በበርሜል በተፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ማጠብ ይቻላል።

ወፍራሙን ብርድ ልብስ ግን በፈላ ውሃ አጥቦ በደሴ ፀሐይ በአንድ ቀን ማድረቅ አይቻልም፤ እርጥቡን መልሶ ለልጅ ማልበስ ደግሞ ሌላ በሽታ መጥራት ነው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ብርድ ልብሶቹን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን፣ አፉን በሲባጎ አስረን፣ ቀኑን ጽፈንበት በመጋዘን አስቀመጥን። ሦስት ቀን ይበቃል የሚል ምክር ይሰጣል፤ እኔ ግን በዚህ ብርድ አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲቀመጥ እመክራለሁ። ለዚያ ሳምንት የሚሆን ትርፍ ብርድ ልብስ ከሌለ አንዱን ክፍል በአንድ ሳምንት፣ ሌላውን በሚቀጥለው ማከም ይቻላል፤ ሆኖም ይህ የሚሠራው የሁለቱ ክፍል ልጆች በመካከሉ ተቀላቅለው እንዳያድሩ ማድረግ ከተቻለ ብቻ ነው። ፍራሹ ላስቲክ ለብሶ ከሆነ ይጠረግ፤ ካልሆነ ወደ ፀሐይ ይውጣ። ግድግዳና ወለል ላይ መድኃኒት መርጨት ለእከክ አያስፈልግም።

ስድስተኛ፦ ሁለተኛው ዙርና ክትትሉ

መድኃኒት ያልገደለው እንቁላል ከተፈለፈለ በኋላ፣ የተፈለፈለው ግን ሳያድግ እንዲሞት ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ሁሉም በድጋሚ ይታከማሉ። የመጀመሪያው ዓርብ ከሆነ ሁለተኛውም በቀጣዩ ዓርብ ይሁን፤ ቀኑ በመጀመሪያው ማታ ይነገርና በመዝገብ ይጻፍ። ልጆቹ «ተሽሎናል» ብለው ሊያስቀሩት ይሞክራሉ፤ ይህ ዙር አይቀርም።

የሞተው ተባይ ከቆዳው እስኪወጣ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል እንደሚችል አስቀድመው ያስረዱ። ያልተረዳ ልጅ መድኃኒቱን በየቀኑ እየደጋገመ ይቀባና ቆዳውን ያቆስላል። አዲስ ሽፍታ ወይም አዲስ መስመር ከታየ ግን ሐኪም ይየው። በማዠት ቁስል የቆየ ልጅ ፊቱ ካበጠ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ የቁስሉ ባክቴሪያ ኩላሊቱን ጎድቶት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ቆረቆርና ጭርት በተመለከተ

እነዚህ የፈንገስ በሽታዎች ስለሆኑ የእከክ መድኃኒት አይሠራባቸውም። ጭርትን በቅባት ማከም ይቻላል፤ ቆረቆርን ግን ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ ፈንገሱ በፀጉሩ ሥር ስለሚገባ። ሐኪም የሚያዘውን ክኒን፣ ብዙ ጊዜ ግሪሲዮፉልቪንን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከምግብ ጋር መውሰድ ያስፈልጋል። በአዳሪ ቤት ዋናው መንገድ ቶንዶስ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቶንዶስ ሠላሳ ልጅ መላጨት ቆረቆርን ለሠላሳ ማደል ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ፀጉሩን ከምላጩ ጠርጎ፣ ምላጩን ፈትቶ አጥቦ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ውስጥ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አለቅልቆ አድርቆ ዘይት መንካት ይገባል። ሁለት ተለዋጭ ምላጭ መግዛት ሥራውን ያቀለዋል። ኮፍያ፣ ማበጠሪያና ሻሽ አይዋዋሱ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቱና ላቡ ይበዛል፤ ስለዚህ አልጋ መጋራቱ ቢቀንስም የጭርትና የእግር ጣት መካከል ፈንገስ ይበረታል። እዚያ ተማሪዎች እግራቸውን ከታጠቡ በኋላ በጣቶቻቸው መካከል እንዲያደርቁ፣ በጋራ መታጠቢያ ውስጥ የየራሳቸውን ነጠላ ጫማ እንዲያደርጉ፣ ካልሲም በየቀኑ እንዲቀይሩ ማድረግ ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚያ በኋላ እንዳይመለስ

በመስከረም፣ ብርዱ ሳይገባ፣ ብርድ ልብስ ይቁጠሩ። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ብርድ ልብስ ወይም አንድ ብርድ ልብስና አንድ የራሱ ጋቢ ሊኖረው ይገባል፤ ቤተሰቡ መግዛት ያልቻለውን ልጅ ትምህርት ቤቱ ይሙላለት። ለሁለት ዙር ሕክምና ከሚወጣው ገንዘብና ድካም ጋር ሲመዘን ሁለተኛው ብርድ ልብስ የሚረክስ ይመስለኛል፤ «አብራችሁ አትተኙ» የሚለው ትእዛዝም የሚከበረው ልጁ ብርድ ሳይመታው ሲያድር ነው። በአልጋዎች መካከል ቢቻል 1 ሜትር ይተው፤ ቦታ ከሌለ የተማሪውን ቁጥር መቀነስን የሚመለከተው አካል ይወስን እንጂ በአንድ አልጋ ሁለት ልጅ መመደብ አይፈቀድ።

አዲስ ተማሪ ሲገባ፣ እንዲሁም ከገና፣ ከፋሲካና ከዒድ ዕረፍት ልጆች ሲመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት እጃቸውንና ራሳቸውን ይመልከቱ። ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚወጣ ይህ አንድ ምርመራ በቂ አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለውን ቀን አስምረው ያንኑ ልጅ፣ ያኔም በር ተዘግቶ፣ በድጋሚ ይዩት።